«መኪናው መንገድ ላይ ነው»፦ የቆቦ ገዢ፣ የጅቡቲ ወደብና ማንም የማይጠየቅበት ውል

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በቆቦና በራያ ቆላ መልኩን ቀይሯል። ላሟ መኪና ሆናለች፤ ሰማዩ ደግሞ ጅቡቲ። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ደረሰኙም ኪስ ውስጥ አለ። መኪናው ግን የለም። ሲደወል የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «መኪናው መንገድ ላይ ነው።» ከሦስት ወር በኋላ መንገድ ላይ ነው፤ ከዓመት በኋላም እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ቤት አፍርሳለች። ውሸት ናት ለማለት ያስቸግራል። መኪናው በእርግጥም አንድ ቦታ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ችግሩ «የት?»፣ «በማን እጅ?»፣ «በማን ስም?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው አለመኖሩ ነው። የመኪና ማስመጣት ንግዳችን የተዋቀረው ትርፉ ሲመጣ ባለቤቱ እንዲበዛ፣ ጥፋቱ ሲመጣ ግን ገዢው ብቻውን እንዲቀር ተደርጎ ነው። ይህ ደግሞ ዕድል ወይም አጋጣሚ ሳይሆን ውል ነው፤ ተጽፎ የተፈረመበት ውል።

ገዢው የሌለበት ሰንሰለት

አንድ መኪና ከውጭ ወደብ ተነሥቶ ራያ እስኪገባ ስንት እጅ እንደሚነካው ይቆጠር። የውጭው ሻጭ አለ። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ አለ። ኤል ሲ የሚከፍተው ባንክ አለ። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አለ። የጅቡቲ ወደብ አለ። ጉምሩክ አለ። ደረቅ ወደብ አለ። ትራንዚተር አለ። መድን ሰጪ አለ። በመጨረሻም መኪናውን ነድቶ የሚያደርስ ሾፌር አለ።

እነዚህ ሁሉ ወረቀት አላቸው። ባንኩ በአስመጪው ስም የተከፈተ ኤል ሲ አለው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ የአስመጪውን ወይም የባንኩን ስም ይዟል። መድኑ የተገባው ለእነሱው ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም በአስመጪው ስም ይሞላል። በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ስሙ የማይገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው። እሱ ያለው ከአስመጪው ወይም ከአስመጪው ደላላ ጋር የተፈራረመው ሁለት ሦስት ገጽ ውል ነው። እዚያም ላይ ብዙ ጊዜ የሻንሲ ቁጥር አይጻፍም፤ የመርከብ ስም አይጻፍም፤ የመረከቢያው ቀንም «በግምት» በሚል ቃል ይታጠባል።

ስለዚህ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ወደ ጎን ይጠቁማል። አስመጪው ባንኩን፣ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን፣ ትራንዚተሩ ጉምሩክን፣ ጉምሩክ ሰነዱን። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ከአጠገቡ ካለው ጋር ውል ስላለው ሊከራከር ይችላል። ገዢው ግን ከአንዱ በስተቀር ከማንም ጋር ውል የለውም። ያ አንዱ ስልኩን የዘጋ ቀን ገዢው መኪናውን ብቻ ሳይሆን የሚከሰውን ሰው አድራሻ ጭምር ያጣል።

ከቆቦ ሲታይ

አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ንዴት ነው። ቆቦ ላለ ሰው ኪሳራ ነው።

የራያ ቆላ የጤፍና የማሽላ አገር ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ቲማቲም መኪና አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። በዚህ አገር መኪና መግዛት ጌጥ መግዛት አይደለም፤ ምርትን ከማሳ ወደ ገበያ የሚያወጣ እግር መግዛት ነው። ገንዘቡም ከአንድ ኪስ አይወጣም። ሳዑዲ ያለ ልጅ ዓመታት ለፍቶ የላከው አለበት፤ የተሸጠ ከብት አለበት፤ የዕቁብ ዕጣ አለበት፤ የአማትና የወንድም ብድር አለበት። መኪናው ሲቀር አንድ ሰው ብቻ አይከስርም፤ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል።

መንገዱ ራሱ ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና በጋላፊ ገብቶ በሰመራ አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ በጭፍራ በኩል ወልድያ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ ወልድያ ማለት ደግሞ የቆቦ ጎረቤት ናት። መኪናው ግን በተለመደው አሠራር በገዢው ደጃፍ ትይዩ አልፎ ወደ ሞጆ ይወርዳል። እዚያ ይቆማል፤ ቀን ይቆጠርበታል፤ የመጋዘን ኪራይ ይታሰብበታል። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ጉዳዩ ሲያልቅ ተመልሶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይወጣል። የዚህ ዙር ዋጋ የሚወራረደው ከራያው ገዢ ኪስ ነው።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የወሎ ወደብ አሰብ ነበር፤ ዕቃው በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። አሰብ ተዘጋ። በ2007 ዓ.ም. ግንባታቸው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ እና የሐራ ገበያ–መቀሌ የባቡር መስመሮች ራያን ከወደብ ያገናኛሉ ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ሐዲዱን አየ፤ ባቡሩን ግን አላየም። ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ ወደብ አለ። የወሎና የራያ ገዢ መኪናውን እዚያ እንዲረከብ ማድረግ የውል አንድ መስመር ነው። ያችን መስመር የሚጽፍለት ግን አላገኘም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ቆቦ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የጦርነት ቀጣና ሆነች። በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲያገረሽም መጀመሪያ ከነደዱት ቦታዎች አንዷ እሷ ነበረች። ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ፤ መብራት ጠፋ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተስፋፋ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ውሉ «ደንበኛው በ10 ቀን ውስጥ ቀሪ ክፍያ ካልፈጸመ ቅድሚያውን ያጣል» የሚል ከሆነ፣ ባንክ ለተዘጋበት ሰው ይህ ምን ማለት ነው? ሻጩ ለራሱ ጦርነትን ሰበብ ያደርጋል። ገዢው ያንኑ ጦርነት ሲጠቅስ «ውሉን ይመልከቱ» ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ይህ ትናንት የተፈጠረ ችግር ቢሆን «ገበያው ገና ነው» ማለት ይቻል ነበር። ግን አይደለም።

ሆላንድ ካር ይታወሳል። መኪኖቹን በሀገር ውስጥ ገጣጥሞ «አባይ»፣ «ተከዜ»፣ «አዋሽ» እያለ በወንዞቻችን ስም የሰየመው ኩባንያ ነው። ብዙ ሰው ኮራበት። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ብር ከዶላር አንጻር ወደ 17 በመቶ ሲዳከም፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ማስረከብ ለኩባንያው ከባድ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ኪሳራ ታወጀ፤ ቅድመ ክፍያ ከፍለው መኪና ይጠብቁ የነበሩ ደንበኞችም ሜዳ ላይ ቀሩ። ከዚያ መማር የነበረበት ትምህርት አንድ ነው፦ አስመጪ ወይም ገጣጣሚ ሲወድቅ መያዣ ያለው ባንክ ቀድሞ ይሰለፋል። አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ግን መያዣ የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ወረፋው ጅራት ላይ ይቆማል። ያለ ወለድ ያበደረ፣ ያለ ዋስ ያበደረ፣ ማበደሩንም ያላወቀ አበዳሪ ማለት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? በጥቅምት 2015 መንግሥት አውቶሞቢልን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ለምክር ቤት ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ትላልቅ ውሳኔዎች ማለት ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ሲመጣ ገንዘቡን ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ነበረ። አንዱም ውሳኔ ለዚያ ሰው «ያንተ ነገር በዚህ መንገድ ይለቅ» አላለውም።

ስሌቱ በቀላሉ ይታያል። 10,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና በ57 ብር ሲታሰብ 570,000 ብር ነው። በ100 ብር ሲታሰብ አንድ ሚሊዮን። ልዩነቱ 430,000 ብር ነው። ገዢው ሙሉውን ቀድሞ ከፍሎ ቢሆን፣ አስመጪውም ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ አዙሮበት ዶላሩን በጊዜው ሳይገዛ ቢቀር፣ «ልዩነቱን ጨምር» የሚባለው ማን ነው? ገዢው። ዶላሩ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን የሚመልስለት ይኖር ነበር? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

«ከአቅም በላይ» የሚባለው መጋረጃ

የሻጮች መከራከሪያ ይታወቃል፤ ሙሉ በሙሉም ሐሰት አይደለም። «ጦርነቱን እኛ አላመጣነውም፤ ክልከላውን እኛ አላወጣነውም፤ ዶላሩን እኛ አልጨመርነውም። ከአቅም በላይ ነው» ይላሉ። በቅንነት ሠርተው የከሰሩ አስመጪዎች አሉ፤ መካድ አይገባም። ግን ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ከብዙዎቹ የዘመኑ ውሎች በተሻለ አስቦበታል። ቁጥር 1793 ከአቅም በላይ ብሎ ከሚቆጥራቸው ውስጥ ውሉን ለመፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝና ጦርነት ይገኛሉ። እስከዚህ ሻጩ ልክ ነው። ቁጥር 1794 ግን ተቃራኒውን ዝርዝር ያስቀምጣል፦ ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መናርም ሆነ ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱ ከአቅም በላይ አይባልም፤ በግልጽ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር። ቁጥር 1764ም ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳን ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል። እንግዲህ «መከልከል» እና «መወደድ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሻጮች ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ከተው በአንድ ቃል ያስሯቸዋል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ክልከላው እውነተኛ ቢሆን እንኳን ሻጩን የሚያድነው ከኪሣራ ካሣ ነው። የተቀበለውን ገንዘብ ይዞ እንዲቀር አያደርገውም። ውል ሲሰረዝ ወገኖቹ ውሉ ባይኖር ኖሮ ወደሚኖሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ፤ ቁጥር 1815 የሚለው ይህንን ነው። መኪናው መግባት ካልቻለ ገንዘቡ ይመለስ። ይህ ሕግ ለማንበብ የደከመው ሰው እንኳን በአእምሮው የሚደርስበት ፍርድ ነው።

የቃል ጨዋታም አለ። አባቶቻችን «ቀብድ» የሚሉት ነገር በሕጉ ጥርስ አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሚዛኑ እኩል ነው። የዛሬው ውል ግን «ቀብድ» የሚለውን ቃል ይሸሻል፤ «ቅድመ ክፍያ»፣ «የምዝገባ ክፍያ»፣ «የተሽከርካሪ ቁጠባ» ይለዋል። ገዢው ሲተው «የማይመለስ» የሚል አንቀጽ ይጠብቀዋል። ሻጩ ሲተው ግን «እጥፍ» የሚል ቃል የትም የለም። የቀብድን ስም የቀየሩት ግማሹን ግዴታ ለመጣል ነው።

ባሕር ላይ ቢቀርስ?

ይህ ፍርሃት ተረት አይደለም። በየካቲት 2014 «ፊሊሲቲ ኤስ» የተባለች መርከብ አትላንቲክ ላይ ተቃጥላ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፎልክስዋገን ግሩፕ መኪኖች ይዛ ሰጠመች። በኅዳር 2016 «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችው መኪና ጫኝ መርከብ ጅቡቲ በምትዋሰነው በዚያው በቀይ ባሕር በሁቲዎች ተጠለፈች። የፊሊሲቲ ኤስን ጊዜ ላምቦርጊኒ ምርቱን ጨርሶ ያቆመውን አቬንታዶር ለጠፋባቸው ደንበኞች ሲል እንደገና አምርቷል። ያ የሀብታሞች መኪና ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ለሁሉም ይሠራል፦ መርከቡ ሲሰጥም የሰጠመው የሻጩ ንብረት እንጂ የገዢው ገንዘብ አልነበረም።

እዚህስ? በ1952 የወጣው የባሕር ሕጋችን የዕቃው ዋጋ በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ካልተገለጸ የአጓጓዡን ኃላፊነት ለአንድ ጥቅል ወይም መለኪያ 500 የኢትዮጵያ ብር ላይ ገድቦታል። አምስት መቶ ብር! ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጎማ አይገዛም። ስለዚህ ዋጋው መጻፉና መድኑ መገባቱ የወረቀት ጣጣ ሳይሆን የቤተሰብ ዕጣ ፈንታ ነው። ይህንን ለገዢው የሚነግረው ግን የለም፤ የመድኑን ሰነድ ቅጂ ልይ የሚል ገዢም እንደ ተጠራጣሪና እንደ ጨቅጫቃ ይታያል።

የመንግሥት ድርሻ

መንግሥት የነዳጅ ወጪን ለመቀነስ የኤሌክትሪክ መኪና ማበረታታቱ ሊደገፍ የሚችል ፖሊሲ ነው። ጥያቄው ፖሊሲው ሲታወጅ በመሐል ለተያዘው ሰው ምን ተዘጋጀ የሚለው ነው። ክልከላ የሚያወጣ አካል ክልከላው ከመውጣቱ በፊት የተከፈለ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚከታተል ጨምሮ መጻፍ አለበት። ያ ካልሆነ ክልከላው ለሻጩ የተሰጠ የሰበብ ፈቃድ ይሆናል።

የሸማቾች ጥበቃውም ቀዳዳ አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ነው። ቲማቲም ለመጫን መኪና ያዘዘ የቆቦ ገበሬ «ነጋዴ ነህ» ተብሎ ከደጅ ሊመለስ ይችላል። ነጋዴዎቹ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ «ገበሬ ነህ» ይባላል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣንም በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። አቤቱታውን ይዞ ከራያ አዲስ አበባ ድረስ የሚወጣ ሰው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ እንኳን ግልጽ አይደለም።

በራያ ሰው ደም ተቃብቶ እንኳን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የወሎ አበጋር ጉዳዩን የሚጨርሰው መጀመሪያ «በዳዩ ማነው?» ብሎ ነው። የመኪናው ውል የጎደለው ይህ ነው፤ ፊት ለፊት የሚቆም በዳይ የለውም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም።

አንደኛ፦ ገንዘቡ ሻጩ ኪስ መግባት የለበትም። በባንክ ዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፤ መኪናው መጫኑ ሲረጋገጥ ከፊሉ፣ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ከፊሉ፣ ሊብሬው በገዢው ስም ሲወጣ ቀሪው ይለቀቅ። ይህን የሚያስገድድ መመሪያ ይውጣ።

ሁለተኛ፦ ውሉ የሻንሲ ቁጥር፣ የመጫኛ ጊዜ፣ ዋጋው የተሰላበት የምንዛሪ ተመንና ቁርጥ የመረከቢያ ቀን ይኑረው። መኪናው ገና አልተገዛ እንደሆነም «አልተገዛም» ተብሎ ይጻፍ። ያልተገዛ መኪና «መንገድ ላይ» ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፦ «ቀብድ» ስሙ ይመለስ። ገዢ ሲተው የሚያጣ ከሆነ ሻጭ ሲተው እጥፍ ይክፈል።

አራተኛ፦ የሰሜን ገዢ መኪናውን በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የመረከብ ምርጫ ይሰጠው። በመንግሥት ክልከላ፣ በወደብ መጨናነቅ ወይም በአስመጪው የሰነድ ጉድለት የቆመ መኪና የሚቆጠርበት ኪራይም በገዢው ላይ አይጫን።

አምስተኛ፦ ክርክሩ በገዢው አካባቢ ፍርድ ቤት እንዲታይ ይፈቀድ። ለአንድ ቀጠሮ ደርሶ መልስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ከሳሽ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ይተዋል። ሻጩ ደግሞ ይህንን ያውቃል፤ የሚጠብቀውም ያንኑ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ገዢው በእጁ ያለው መሣሪያ አንድ ነው፦ አለመክፈል። የሻንሲ ቁጥር ያላሳየ፣ የመድን ሰነድ ያላቀረበ፣ ቀን ያልቆረጠ ሻጭ ገንዘብ አይገባውም። «ዕድሉ ያመልጥሃል» ይባላል። ይምለጥ። ያመለጠ ዕድል ዕዳ የለውም።

ሐቀኛ አስመጪ ከእነዚህ አምስት ነገሮች አንዱንም አይፈራም፤ እንዲያውም ከአጭበርባሪው የሚለዩት እነሱ ናቸው። የሚፈራቸው በሰው ገንዘብ የራሱን ንግድ የሚያዞር ነው። እሱን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ሲደወልለት የሚመልሳት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች።